«ሲሻክር እየበሰለ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ

ድምፃችሁ ሻክሮ ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ጉሮሮን እስከ ውስጥ ድረስ በመሣሪያ አይቶ የሚመረምር ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ዝንጅብሉንም ማሩንም ጠጡ፣ አልከለክልም፤ ግን ሂዱ። ከዚህ ጽሑፍ ይህቺን ብቻ ወስዳችሁ የቀረውን ብትተዉት ቅር አይለኝም። የቀረው ስለ እኔ ነው፤ ይህቺን አንዲት ምክር ሦስት ወር ሙሉ ስለ ነፈግኳቸው ሰውም ነው።

ጎንደር ውስጥ፣ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ዘፈን አስተምራለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ ያገኘሁት ሙያ አይደለም። ግጥም መጻፉንም ዜማ ማውጣቱንም ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት፤ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ሰው ስለሆንኩ አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን እየጀመርኩ። ተማሪዎቼ ከስድስት ዓመት ሕፃን እስከ ጡረተኛ ናቸው። የባንክ ሠራተኛው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ፣ ልጇን ልታደርስ መጥታ ራሷም የተመዘገበችው እናት፣ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ይቆማሉ።

ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ወንዙ ዳር እወስዳቸው ነበር። በብርዱ ቆመው፣ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጣሩ ሆነው ይጮኻሉ። ያደግኩት ዳባት አካባቢ ነው። እዚያ ሰው ጎረቤቱን የሚጠራው ከገደል ወዲህ ቆሞ ነው፤ ድምፁ የጠነከረ ሰው ሁሉ ልጅነቱን ሲጣራ የኖረ ይመስለኝ ነበር። ከዚህ ተነሥቼ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ጻፍኩ፦ «ድምፅ እንደ ገብስ ነው፤ ሲሻክር እየበሰለ ነው።»

አባባሉ ተወደደልኝ። ሰዎች አጠገቡ ቆመው ፎቶ ተነሡ፣ በስልክ ተላላኩት። በማላውቀው ሰው አፍ ሲባል ሰምቼ ደረቴን ነፍቼ የሄድኩበት ቀን አለ። እውነት መሆኑን ማንም አልጠየቀኝም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

ሕመሜ የጀመረው ከጥምቀት በኋላ ነው። ሦስቱን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ስዘፍን ሰነበትኩ። በአራተኛው ቀን ከአዘዞ ወደ ከተማ በታክሲ ስሄድ «ወራጅ አለ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ነፋስ ብቻ ነው። ረዳቱ አልሰማኝም። ሁለት ፌርማታ አልፌ ሌላ ሰው ሲወርድ ወረድኩ።

አብሬያት የምኖረው ታላቅ እህቴ የሻረግ ዝንጅብል በማር አፈላችልኝ፣ ዳማከሴ ጨምቃ አሸተተችኝ፣ ፌጦ አዋጠችኝ። ድምፄ አልተከፈተልኝም። ሰፈራችን ያለው ክሊኒክ ሄድኩ። ምላሴን በእንጨት ተጭነው በባትሪ አዩና «ቶንሲል ነው» አሉኝ፤ የሰባት ቀን መድኃኒት ዋጥኩ። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ። «ጨጓራህ ነው፤ አሲዱ ወደ ላይ እየወጣ ጉሮሮህን ያቃጥለዋል» ተባልኩ፤ ቃሪያና ቡና ተውኩ። አልተሳሳቱም ብዬ አልከራከርም፣ ዋሹኝም አልልም። በነበራቸው መብራት እስከ ምላሴ ሥር አይተው ያዩትን ነገሩኝ። ድምፅ ያለው ከዚያ በታች ነው።

እናቴ ከዳባት ደውላ ጠበል ግባ አለችኝ። ሰባት ቀን ገባሁ። እዚያ ብዙ አይወራምና ሰባቱን ቀን ዝም ብዬ ሰነበትኩ፤ ጉሮሮዬ ትንሽ ከፈት አለ። ዳንኩ ብዬ በስምንተኛው ቀን ወንዝ ዳር ሄጄ ጮኽኩ። በዘጠነኛው ጨርሶ ጠፋ።

ያን ሰሞን ብቻዬን ስሆን ቀስ ብዬ «አ» እል ነበር፤ አለ ወይ ብዬ። ኪሱን ደጋግሞ እንደሚዳብስ ሰው። የለም። በድምፁ ብቻ የሚታወቅ ሰው ድምፁ ሲጠፋ ምኑ እንደሚቀር እያሰብኩ አልጋዬ ላይ እገላበጣለሁ። አንድ ሌሊት የሻረግ ከመጋረጃው ማዶ «ተኛ አንተ ሰው፤ ነገ ሆስፒታል እወስድሃለሁ» አለችኝ። እውነትም ወሰደችኝ፤ ወሩ መጋቢት ነበር።

የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም የምታክመው በተወሰነ ቀን ነው። ከጠዋት ጀምሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። የሻረግ ከእኛ ጋር ያለውን ሰው ሁሉ ሕመም በአንድ ሰዓት ውስጥ አጣርታ ጨረሰች። ስሜን ሲጠሩ አጠገቤ አልነበረችም፤ ካርድ ልታስተካክል ሄዳለች። «ይበልጣል» አለች ነርሷ በበሩ። እጄን አነሣሁ። አላየችኝም። «ይበልጣል የለም?» ብላ ወደሚቀጥለው ልታልፍ ስትል፣ ጆሮው ላይ ፋሻ የታሰረ የማላውቀው ሽማግሌ ተነሥቶ «አለ፣ አለ፤ ይኸው እዚህ ነው፤ አፍ የለውም እንጂ አለ» ብሎ ጮኸልኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» እንኳ በድምፅ አላልኩትም።

ዶክተሯ ከእኔ በጥቂት ዓመት የምትበልጥ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለበት ቀጭን ቱቦ በአፍንጫዬ አስገባች። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ወዲያው ግን አጠገቧ ባለው ስክሪን የራሴን ድምፅ አየሁት፤ ነጫጭ ሁለት ክሮች፣ ስተነፍስ የሚከፈቱ፣ «ኢ» ስል የሚገጥሙ። አውታር ይሏቸዋል። መሐላቸው ላይ ግራና ቀኝ እብጠት አለ፤ ስለዚህ አይገጥሙም።

«አየኸው?» አለችኝ። «ዶማ የሚይዝ ሰው እጁ ላይ መጅ ያወጣል አይደል? ይኸው ያንተም መጅ ነው። በጩኸት ብዛት የወጣ። ካንሰር አይደለም፣ አትፍራ። ግን ይህን ያደረግኸው አንተ ነህ።»

ሥራዬን ጠየቀችኝ፤ ወረቀት ላይ ጻፍኩላት። አነበበችና ብዕሯን አስቀመጠች።

«አሥር ቀን እንዳትናገር። ሹክሹክታም ቢሆን። ከዚያ በስትሮ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ እያንጎራጎርክ አረፋ ታወጣለህ፤ ይህ ለአውታሩ እንደ ማሸት ነው። ስትዘፍን ከጉሮሮህ ሳይሆን ከሆድህ ትንፋሽ። ጩኸት የለም።» ወደ በሩ ልሄድ ስል ጠራችኝ። «ተማሪዎችህስ? ከሦስት ሳምንት በላይ የሻከረ አለ? በተለይ ዕድሜው የገፋ፣ ሲጋራ ያጨሰ ሰው ከሆነ ያንተ ዓይነት ላይሆን ይችላል። አንድ ቀንም አታሳድር፤ ላክልኝ።»

ራሴን ነቀነቅኩ። የለም ማለቴ ነው።

በዚያች ቅጽበት አያ ተገኝ ትዝ አላሉኝም ብል እዋሻለሁ። መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።

አያ ተገኝ የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው። የዛሪማ ተወላጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሹፌርነት፣ የሀገራቸውን ጠመዝማዛ ዳገት ሲወጡና ሲወርዱ ጨረሱት። «ማኪናዋ በናፍጣ፣ እኔ በሲጋራ ነበር የምንሄደው» ይላሉ፤ ሠላሳ ዓመት አጭሰው ትተውታል። አዘዞ ከልጃቸው ከእትዬ ወርቄ ጋር ይኖራሉ። እኔ ዘንድ የመጡት በመስከረም ነው። የእትዬ ወርቄ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ጥር ልትዳር ቀን ተቆርጦላታል፤ በሠርጓ ላይ ቆመው ሊዘፍኑላት ፈልገው ነበር። «በጎረምሳነቴ ሸጋ ድምፅ ነበረኝ» አሉኝ። «ሞተር ዋጠው። ታወጣልኛለህ?» አወጣለሁ አልኳቸው።

ድምፃቸው ከኅዳር ጀምሮ ሻካራ ነበር። ሲጨነቁ ወደ ግድግዳው እያሳየሁ «እየበሰለ ነው፣ አያ» እላቸው ነበር። እሳቸውም ለሰው ሁሉ ያወሩታል።

ከሆስፒታል ስወጣ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ነገር ግን ለእሳቸው ስነግር ለሁሉም መንገሬ ነው። ያ ቀይ ጽሑፍ ሐሰት ነው ማለቴ ነው። ወንዝ ዳር ያቆምኳቸው ሕፃናት ወላጆች ምን ይሉኛል? ደግሞ የሳቸው ከኔው ዓይነት ይሆናል፣ መጅ ይሆናል፣ ሽማግሌ ስለሆኑ ይሆናል እያልኩ ለራሴ ሐኪም ሆንኩ። ቀስ ብዬ ጩኸቱን እቀንሳለሁ፣ ጽሑፉንም አንድ ቀን ግድግዳ ሳስቀባ አጠፋዋለሁ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ለመጻፍ ብዕሬ ሦስት ቀን እምቢ ብሎኛል።

አሥሩን የዝምታ ቀን ትምህርቱን አልዘጋሁም። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ አስተማርኩ። ወንዝ ዳር ግን አስጯሂ ያስፈልጋል፤ አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ይመልሳል። አያ ተገኝ «መምህር፣ አንተ ጉሮሮህን አሳርፍ፤ እኔ እሆንልሃለሁ» አሉ። በእጄ እሺ አልኩ። ካፖርታቸውን ለብሰው ወንዙ ዳር ቆሙና እንደ ጎረምሳ ተጣሩ። ተማሪው ሁሉ አጨበጨበላቸው። አሥር ቀኑ አልፎም አልተውኩም፤ ተመቸኝ። እኔ ድምፄን አሳርፌ በሳቸው ጉሮሮ አስተማርኩ።

ሐኪሟ ስለ እኔም ስለ ተማሪዎቼም ጽፋ የሰጠችኝን ወረቀት የሻረግ አንብባው ነበር። አንድ ማታ እራት ላይ «ለነዚያ ሰዎች ነገርካቸው?» አለችኝ።

ደብተሬ ላይ «ቀስ ብዬ» ብዬ ጻፍኩላት።

«ቀስ የሚባለው ትኩስ ወጥ ሲወጣ ነው» አለችና ደብተሩን መለሰችልኝ። ሁለት ቀን አኩርፋኝ ሰነበተች። መልስ መስጠት በማልችልበት ሰሞን ማኩረፏ ደግሞ ለብቻው አደከመኝ።

ድምፄ ተመለሰ። በስትሮ ውሃ ውስጥ ሳንጎራጉር የሻረግ «ጥጃ አስገባን እንዴ?» እያለች ስትስቅ፣ በመጀመሪያ ቀጭን ሆኖ፣ ከዚያ እየወፈረ፣ በግንቦት ሙሉ ዘፈን ዘፈንኩ። ዶክተሯ በካሜራዋ አይታ «ጠፍተዋል» አለችኝ። ከደስታዬ ጋር አንድ ሌላ ነገር አብሮ ተነሣ፤ የዳንኩት ለሌላው የደበቅኩትን በማድረግ ነው። ያን ቀንም ሐኪሟ ክፍል ውስጥ ቆሜ ስለ አያ ተገኝ አልተናገርኩም።

በሰኔ አንድ ቅዳሜ አያ ተገኝ ከሌላው ቀድመው ወደ ክፍሉ መጡ። ፊታቸው በርቷል። ከኪሳቸው በጥንቃቄ የታጠፈ መሐረብ አውጥተው ገለጡልኝ። ነጩ ላይ የደም ነጠብጣብ አለ።

«ዛሬ ጠዋት ሳስል ወጣ» አሉኝ በዚያ በሻከረው ድምፅ። «በሰለ መሰለኝ፣ መምህር።»

ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ። ዓይኔን ላነሣ ስል ያገኘሁት ግድግዳውን ነው።

«አያ፣ ሐኪም ይየዎት» አልኩ።

«ምነው? ጥሩ አይደለም?»

«አይደለም። ያ የጻፍኩት ውሸት ነው። የኔም ድምፅ የጠፋው በሱ ነው።»

መሐረቡን መልሰው አጠፉት። አራቱን ማዕዘን አገጣጥመው፣ እንዳመጡት አድርገው። «እንግዲያስ እንሂድ» አሉ። ምርመራው ሰኞ ሆነ።

ሰኞ እትዬ ወርቄ ከቢሮዋ አስፈቅዳ አብራን መጣች። ያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። አባቷ በመሐከላችን ሆነው አሸለቡ። «ምርመራ ያስፈልገዋል ብሎ የነገረህ አለ? ከምን ተነሣህ?» አለችኝ።

«ሰሞኑን ሐኪሟ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ላክ ብላኝ ነው» አልኩ። ሰሞኑን የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ሲዞር ይሰማኛል።

ዶክተሯ አያ ተገኝን በካሜራዋ አየች። የኔን ስታሳየኝ ታስረዳ ነበር፤ አሁን ወደ ስክሪኑ ብቻ ተጠጋች። ስክሪኑ ላይ ግራው አውታር ቦታው ላይ የለም፤ የጎመን አበባ የመሰለ ነገር ሸፍኖታል። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ።

«እኚህ ሰው በመጋቢት ተማሪህ ነበሩ?»

«አዎ።»

«ሻክሮባቸው ነበር?»

«አዎ።»

«ጠይቄህ ነበር እኮ» አለች። ድምፅዋን አላነሣችም።

እትዬ ወርቄ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየች። መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ፤ በልቧ ስትቆጥር ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ደረሰችብኝና «የኔን አባት ከግድግዳ ቀለምህ አሳነስኸው» አለችኝ። ስድብ ብትጨምርበት ይቀለኝ ነበር። አያ ተገኝ ቆባቸውን እያስተካከሉ ከኋላ ሲመጡ ሰሟት።

ከእብጠቱ ቆንጥረው ወስደው መረመሩት፤ ካንሰር ነው። አዲስ አበባ ተላኩ። ግራውን አውታር አወጡት። ካንሰሩ ወደ ሌላ ቦታ አልተዛመተም፣ ሕይወታቸው ተረፈች። ድምፃቸው ግን ከሹክሹክታ ከፍ አይልም፤ ከእንግዲህም እንደማይል ተነገራቸው።

ብቻዬን ወደ ዶክተሯ ሄጄ ነበር። በመጋቢት ቢመጡ ኖሮስ ብዬ ጠየቅኋት። «ምናልባት ጨረር ብቻ ይበቃቸው ነበር፤ ድምፃቸው ይተርፍ ነበር። ምናልባትም አይበቃም ነበር» አለችኝ። «ልንገርህ ብል የማላውቀውን መናገሬ ነው።» የሚጮኽብኝ ሰው ፈልጌ ነበር የሄድኩት። ያገኘሁት ይህን «ምናልባት» ነው፤ እስከ ዛሬ ይዤው እዞራለሁ።

ተማሪዎቼን ሰብስቤ ሁሉን ነገርኳቸው። የካሜራውንም፣ ራሴን የነቀነቅኩትንም። ስምንቱ በማግስቱ ቀሩ። ቀዩን ጽሑፍ በቢላ ፋቅኩ፣ ነጭ ቀለም ደረብኩበት፤ ቀትር ላይ ፀሐይ በመስኮቱ ሲገባ አሁንም ይነበባል። አሁን ክፍላችን ውስጥ ጩኸት የለም። ሕፃኑም ጡረተኛውም በየፊቱ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጦ በስትሮ ያንጎራጉራል። አንዲት የስድስት ዓመት ተማሪ «ዱሮ ስንጮኽ ለምን ነበር?» ብላ ጠይቃኛለች። «ስላላወቅኩ» አልኳት። «ከዚያ አወቅህ?» አለች። አወቅኩ። «ወዲያው ተውን?» አለች። ልጅ የሚጠይቀውን ያውቃል።

ወደ አያ ተገኝ ቤት ሦስት ጊዜ ሄጄ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ እትዬ ወርቄ በሩ ላይ ተቀብላ «ተኝቷል» አለችኝ። ለአራተኛ አልሄድኩም። በጥር ግን መልእክት መጣልኝ፤ ከሠርጉ ሁለት ቀን ቀድሞ። «አባባ ና ብሎሃል» አለችኝ በስልክ። «እኔ አይደለሁም።»

አዘዞ ድንኳኑ ሞልቷል። ማሲንቆ የሚመታ ነበረ። አያ ተገኝ አንገታቸውን በነጭ ሻርፕ ጠቅልለው ከሙሽሮቹ አጠገብ ተቀምጠዋል። እጄን ይዘው ወደ መሐል ወሰዱኝ፤ ማይክራፎኑን ለእኔ ሰጡና ከጎኔ ቆሙ። በሀገራችን ግጥም ያለው ሰው ለዘፋኙ «ተቀበል» ብሎ ይሰጠዋል፤ ዘፋኙ ደግሞ የተሰጠውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ያዜማል፤ ስድብ ቢሆንም፣ በራሱ ላይ ቢሆንም። ሌሎች ግጥሙን ጮኽ ብለው ይሰጣሉ። እሳቸው ጆሮዬ ውስጥ ነበር የሚሰጡኝ።

«ተቀበል» አሉ፤ ትንፋሽ ብቻ።

ዳገቱን በማኪና ስወጣ ስወርድ፣
ለዚች ቀን ነበረ ያጠራቀምኩት ገድ።

አዜምኩት። ሙሽሪት አለቀሰች፤ ድንኳኑ በእልልታ ተሞላ። ሌላም ሰጡኝ፤ ስለ ሙሽራው፣ ስለ ሚዜዎቹ ሆዳምነት፣ ሰው ሳቀ። በዚያ ሹክሹክታ ውስጥ ያ ሁሉ ግጥም ተቀምጦ ኖሯል። ከዚያ ክንዴን ያዝ አደረጉ።

«ተቀበል።»

ማስተማሩስ ይሁን፣ ሳያውቅ ነው ያጠፋ፣
አውቆ ዝም ማለቱ እሱ ነው የከፋ።

የማሲንቆው ዜማ ዞሮ ጠበቀኝ፤ እንደገና ዞረ። እትዬ ወርቄ ትሪ ይዛ መሐል ላይ ቆማ ታየኛለች። ልለውጠው እችል ነበር፤ ግጥም ሥራዬ ነው፣ ከእኔ ጆሮ በቀር የሰማው የለም። አያ ተገኝ ክንዴን አልለቀቁም።

አዜምኩት። አንድ ቃል አልቀነስኩም። እልልታ አልነበረም። እትዬ ወርቄ ትሪውን ቀስ ብላ አስቀመጠች፤ ዓይኗን ግን ከእኔ አላነሣችም።

አያ ተገኝ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። ሌላ ግጥም መስሎኝ ራሴን ዝቅ አደረግኩ።

«ከጉሮሮህ ነው ያወጣኸው» አሉኝ። «ሐኪሟ ከሆድህ አላለችህም? ድገመው።»

ትንፋሼን ሰብስቤ ደገምኩት።